ፒንቦል በቤት ስትሠሩ ከኳሷ መንገድ ጀምሩ

ፒንቦል፣ መስታወት በለበሰ ዘንበል ያለ ሰሌዳ ላይ የብረት ኳስ እየመቱ ነጥብ የሚሰበስቡበት ጨዋታ ነው። የራሱን የፒንቦል ማሽን ለመሥራት የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሥዕሉ ነው። ጠፈር ይሁን ባሕር፣ አስፈሪ ተረት ይሁን የመኪና ውድድር፣ መጀመሪያ ጭብጡን ይመርጣል። ቀጥሎ መብራቱን፣ ሙዚቃውን፣ ነጥብ የሚያሳየውን ስክሪን ያልማል። ከዚህ ሁሉ በፊት እንድታደርጉት የምለምናችሁ ነገር አለ፦ ያልተቀባ ሰሌዳ፣ ሁለት ፍሊፐር (በአዝራር እየተነሱ ኳሷን የሚመቱ ክንዶች) እና አንዲት የብረት ኳስ ይዛችሁ፣ ኳሷ በምትሄድበት መንገድ እስክትረኩ ድረስ ተጫወቱ። ሥዕሉም፣ መብራቱም፣ ፕሮግራሙም ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ። የሠራሁት ማሽን ላይ እንግዳ ሰው ቆሞ ሲጫወት ሳይሰለች የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ማሽኔ ከታች ሁለት ፍሊፐሮች፣ በስተቀኝ ከፍ ብሎ ሦስተኛ ትንሽ ፍሊፐር፣ አንድ ራምፕ (ኳሷ ከሰሌዳው በላይ የምትወጣበት ዳገት)፣ ሰሌዳውን ከግራ ወደ ቀኝ የሚዞር መንገድ፣ ኳሷን በኃይል የሚገፈትሩ ሦስት ክብ በምፐሮች እና ሲመቱ ወደ ሰሌዳው ውስጥ የሚሰምጡ አራት ዒላማዎች አሉት። የእንጨት ሥራውንም፣ የኤሌክትሪክ ሥራውንም፣ ፕሮግራሙንም ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። ከሦስቱ አስቀድሜ የማውቀው አንዱን ብቻ ነበር። ሁለቱ በሥራው ላይ ተለመዱ፤ ለእናንተም ይለመዳሉ።

ከኳሷ መንገድ ጀምሩ ስል የጨዋታውን ታሪክም እያሰብሁ ነው። ሞንታጉ ሬድግሬቭ እ.ኤ.አ. በ1871 ኳስን በሞላ (በስፕሪንግ) ኃይል ለሚተኩስ ዘንግ በአሜሪካ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተጫዋቹ ኳሷን ከተኮሰ በኋላ ማሽኑን ከመነቅነቅ ያለፈ ሊያደርግ የሚችለው ነገር አልነበረም። ኳሷ በሚስማሮች መካከል እየተጋጨች ትወርዳለች፤ የምትገባበትን ቀዳዳ የሚወስነው ዕድል ነበር። ነገሩን የለወጠው የጎትሊብ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1947 ያወጣው ሀምፕቲ ደምፕቲ የተባለ ማሽን ነው፤ ንድፍ አውጪው ሃሪ ማብስ በሰሌዳው ግራና ቀኝ ስድስት ፍሊፐሮችን አኖረበት። በዓመቱ ሌላው ንድፍ አውጪ ስቲቭ ኮርዴክ ሁለት ብቻ ይበቃሉ ብሎ ከሰሌዳው ግርጌ አስቀመጣቸው። ጨዋታውን እንደ ቁማር ቆጥራ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ የከለከለችው ኒውዮርክ ከተማም ክልከላውን በ1976 ስታነሳ፣ የፒንቦል ተጫዋቹ ሮጀር ሻርፕ በከተማዋ ምክር ቤት አባላት ፊት ኳሷን ወዴት እንደሚልካት አስቀድሞ ተናግሮ በመላክ ፒንቦል የችሎታ ጨዋታ መሆኑን አሳይቷል። እኛም በቤታችን የምንሠራው ለዚህ ችሎታ ቦታ የሚሰጥ ማሽን ነው። ተጫዋቹ አልሞ በትክክል ሲመታ ኳሷ ካለመበት መድረስ አለባት፤ ሲስት ደግሞ ለምን እንደሳተ ሊገባው ይገባል።

ስለ ልኬት ጥቂት ልበል። ኳሷ ዲያሜትሯ 27 ሚሊሜትር፣ ክብደቷ 80 ግራም ገደማ ነው። የብዙ ፋብሪካ ማሽኖች ሰሌዳ ስፋት 51.4 ሳንቲሜትር ገደማ ሲሆን ርዝመቱ ከ107 እስከ 117 ሳንቲሜትር ይደርሳል፤ ውፍረቱ ወደ 13 ሚሊሜትር ይጠጋል። እነዚህን ልኬቶች እንዳትለውጡ አጥብቄ እመክራለሁ። መስታወቱ፣ የጎን ሐዲዶቹ፣ ሰሌዳውን ለጥገና የሚያነሱት ማንጠልጠያዎች፣ ሁሉም ለዚህ ልክ ተሠርተው ይገኛሉ። ስፋቱን በሁለት ሳንቲሜትር ያሰፋ ሰው እያንዳንዱን ዕቃ እንደገና መፈልሰፍ ይኖርበታል። ለሰሌዳው ጠንካራ እንጨት በብዙ ንጣፍ የተጣበቀበትን ኮምፔንሳቶ ምረጡ። ለስላሳው ዓይነት ኳሷ ስትዘልበት ይሰረጎዳል።

ተዳፋቱ በዘመናዊ ማሽኖች 6.5 ዲግሪ ገደማ ነው። ርዝመቱ 115 ሳንቲሜትር የሆነ ሰሌዳ ከሆነ የኋላ ጫፉ ከፊተኛው 13 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይላል ማለት ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ግን ፍጹም ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ውሃ ልኩን ከሰሌዳው ላይ አስቀምጡና እግሮቹን አስተካክሉ። ማናቸውንም ሙከራ በዚህ ተዳፋት ላይ አድርጉ። ጠረጴዛ ላይ ጠፍጣፋ ተቀምጦ ያማረ መንገድ ሰሌዳው ሲያዘነብል ሌላ ነገር ይሆናል፤ ራምፑን የወጣችው ኳስ ግማሽ መንገድ ላይ ትመለሳለች፤ በዝግታ ትመጣ የነበረችው በፍጥነት ትመጣለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የሰሌዳውን የታችኛውን ሲሶ ራሳችሁ ለመፍጠር አትሞክሩ፤ ከነባር ማሽን ለክታችሁ ቅዱት። የፍሊፐሮቹ ርቀትና ዝንባሌ፣ ከበላያቸው ያሉት፣ ኳሷ ስትነካቸው የሚወረውሯት ባለሦስት ማዕዘን ወርዋሪዎች፣ ኳሷን ወደ ፍሊፐር የሚያደርሱት የውስጥ መተላለፊያዎች፣ ኳሷን ይዘው የሚጠፉት የውጭ መተላለፊያዎች፣ እነዚህ በብዙ ንድፍ አውጪዎች እጅ ለአሥርት ዓመታት የተገሩ ናቸው። በሁለቱ ፍሊፐሮች ጫፍ መካከል ያለው ክፍተት በጥቂት ሚሊሜትር ቢሰፋ ጨዋታው ጨካኝ ይሆናል፤ ቢጠብብ ኳስ አይጠፋም፣ ስጋትም አይኖርም። የተጫዋቾች እጅ ይህን አካባቢ ለምዶታል፤ ኳስን በፍሊፐር ላይ ማቆም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ማሳለፍ፣ እየተንከባለለች ስትመጣ መጠበቅ፣ ሁሉም የሚሠራው የታችኛው ክፍል ልኩን ሲጠብቅ ነው። የእናንተ ፈጠራ ከዚያ በላይ ባለው ቦታ ይታይ።

በላይኛው ክፍል እያንዳንዱ ዒላማ ከፍሊፐር በኩል መታሰብ አለበት። ኳስ በግራው ፍሊፐር ላይ ወደ ማዞሪያው (ፍሊፐሩ ወደሚዞርበት ሥር) ተጠግታ ሳለች ከተመታች ወደ ግራው ወገን ታዘነብላለች፤ ወደ ጫፉ በቀረበች መጠን ሰሌዳውን አቋርጣ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ለቀኙ ፍሊፐር ይህ ይገለበጣል። እኔ በትልቅ ወረቀት ላይ ሰሌዳውን በትክክለኛ ልኩ ስዬ፣ ከሁለቱም ፍሊፐሮች እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ መስመሮች አወጣሁ። ከዚያ የራምፑን አፍና የዙሪያውን መንገድ መግቢያ መስመሮቹ ፊት ለፊት በሚደርሱበት ቦታ አኖርኋቸው። መግቢያው ወደ መስመሩ ጀርባውን ወይም ጎኑን ከሰጠ፣ ኳሷ ብትደርስም ግድግዳውን እየተላተመች ጉልበቷን ትጨርሳለች። ለዋናዎቹ መንገዶች አምስት ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ሰጠሁ። ከዚህ የጠበበው በጣም የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ከባድ ምት በአንድ ሰሌዳ ላይ አንድ ይበቃል፣ ሽልማቱም የሚመጥን መሆን አለበት።

ሌላው ጥያቄ ኳሷ ስትስት ወዴት እንደምትሄድ ነው። ብዙ ጀማሪ ንድፍ እዚህ ላይ ይወድቃል። በሰሌዳው መሃል፣ በሁለቱ ፍሊፐሮች ክፍተት ትይዩ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ዒላማ ካስቀመጣችሁ፣ የመታችው ኳስ በመጣችበት ፍጥነት በክፍተቱ ቀጥታ ወርዳ ትጠፋለች። ተጫዋቹ አልሞ መታ፣ ተሳካለት፣ ተቀጣ። ይህ ሲደጋገም ሰው ማሽኑን ይጠላዋል። ዒላማውን በጥቂት ዲግሪ ወደ አንዱ ፍሊፐር አዙሩት፤ አደጋው ይኖራል፣ ነገር ግን የማዳን ዕድልም ይኖራል። የመንገዶቹንም መውጫ አስቡ። በእኔ ማሽን ራምፑን የወጣች ኳስ ወደ ቀኙ የውስጥ መተላለፊያ ትመለሳለች፤ ከዚያ በቀኙ ፍሊፐር በኩል የዙሪያው መንገድ ይመታል፤ በዙሪያው የመጣችው ደግሞ ለላይኛው ፍሊፐር ትደርሰዋለች። ይህ ሰንሰለት ሳይቆራረጥ ሲሄድ ተጫዋቹ የሚሰማው ደስታ በምንም መብራት አይተካም።

ንድፉን በኮምፒውተር ለመሞከር ቪዡዋል ፒንቦል የተባለ ነጻ ፕሮግራም አለ። የመንገዶችን ቅደም ተከተል ለማየትና የማይሆነውን ቶሎ ለመጣል በጣም ይረዳል። የእውነተኛዋን ኳስ ስሜት ግን አይነግራችሁም። የጎማ መንጠር፣ የእንጨት ንዝረት፣ በራምፑ አፍ ላይ ያለች የወረቀት ውፍረት የምታህል ጠርዝ፣ እነዚህ በስክሪን ላይ የሉም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ ብዙ አትቆዩ።

ያልተቀባውን ሰሌዳ እንዲህ ሠራሁት። ወረቀቱን ኮምፔንሳቶው ላይ ለጥፌ ለፍሊፐሮቹና ለኳስ መውደቂያው ብቻ ቀዳዳ ከፈትሁ። ሲኤንሲ የተባለ በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን ያለው ሰው በአንድ ቀን ሁሉንም ይቆርጣል፤ የእጅ መጋዝና መሰርሰሪያ ብቻ ያለውም በትዕግሥት ያደርሰዋል። የራምፑን ቅርጽ በካርቶን፣ ከዚያ በቀጭን ፕላስቲክ አበጀሁ። ግድግዳዎቹን ከቁራጭ እንጨት ቆርጬ በብሎን ያሰርኋቸው ጎን ለጎን እንዲንሸራተቱ ረዘም ባለ ቀዳዳ ነው፤ አንድን መግቢያ ለማዘዋወር ብሎኑን ማላላት በቂ ነበር። ኳሷ ስትወድቅ በእጄ እያነሳሁ እመልሳታለሁ። ነጥብ የለም፣ ድምፅ የለም፣ ዒላማ ሲመታ የሚሆን ነገር የለም። እንዲህም ሆኖ መጫወት ማቆም ካልፈለጋችሁ ንድፉ ደርሷል። እጃችሁ ከፍሊፐሩ አዝራር ላይ ቶሎ የሚነሳ ከሆነ ብሎኖቹን አላሉና እንደገና አዘዋውሩ።

በዚህ ደረጃ ከሁሉ የጠቀመኝ የስልክ ካሜራ ነው። ሰሌዳውን ከላይ ሆኖ በዝግታ የሚያሳይ ቪዲዮ መቅረጽ ዓይን የማይዘውን ያሳያል። ራምፑ የሚመልሳት ኳስ ጉልበት አንሷት ሳይሆን መግቢያው ላይ ስለምትዘል መሆኑን ያወቅሁት እንዲህ ነው። መፍትሔው ከራምፑ አፍ በታች ያለውን የብረት ክዳን በትንሽ ብሎን ከሰሌዳው ጋር እኩል ማድረግ ነበር።

ስለ ፍሊፐሩ አሠራር ከሌላው ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ማሽኑን በእጃችን የምንነካው በእርሱ በኩል ነውና። ሙሉ ስልቱን ገዝታችሁ አስገቡ እንጂ ከባዶ አትሥሩት። በውስጡ ኮይል (ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ማግኔት የሚሆን የሽቦ ጥቅል)፣ በኮይሉ መሃል የሚንሸራተት የብረት ዘንግ፣ ዘንጉን ከፍሊፐሩ ጋር የሚያያይዝ ክንድ፣ መመለሻ ሞላ፣ የዘንጉን ጉዞ የሚገታ የብረት መቆሚያ አለ። ኮይሉ በብዙ ማሽኖች ሁለት ጥቅል ያለው ነው። አንዱ ጠንካራው 4 ኦም ገደማ ሲሆን ፍሊፐሩን በኃይል ያነሳዋል፤ ሌላው ከ100 ኦም በላይ ሆኖ የተነሳውን በትንሽ ጉልበት ይይዘዋል። ፍሊፐሩ ጉዞውን ሲጨርስ አንድ ትንሽ ስዊች ተከፍቶ ጠንካራውን ጥቅል ያቋርጠዋል። ቁጥሩን ተመልከቱት፦ ኮይሉ የሚሠራበት 48 ቮልት በ4 ኦም ሲካፈል 12 አምፒር ነው፣ ወደ 576 ዋት ማለት ነው። ይህ ኃይል ለጥቂት አሥር ሚሊሰከንዶች ብቻ እንዲፈስ የታሰበ ነው። ስዊቹ ሳይከፈት ቢቀር ኮይሉ በአጭር ጊዜ ይጨሳል፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ዘመናዊ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ቦርዶች ባለ አንድ ጥቅል ኮይልን ለጥቂት ሚሊሰከንድ ሙሉ ኃይል ሰጥተው፣ ከዚያ ኤሌክትሪኩን በፍጥነት እያቆራረጡ በመላክ ይይዙታል። ሁለቱም መንገዶች ይሠራሉ።

ኮይሉ ውስጥ ዘይት ወይም ግሪስ አታድርጉ። ዘንጉ የሚንሸራተተው በናይለን እጅጌ ውስጥ ነው፤ የተሠራውም ደረቅ ሆኖ እንዲሠራ ነው። ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ አቧራው ከብረት ብናኝ ጋር ተለውሶ ዘንጉን ያጣብቀዋል። ፍሊፐሩ ከዛለ እጅጌውን ቀይሩት፤ የዘንጉ ጫፍና መቆሚያው ተቀጥቅጠው እንደ እንጉዳይ ተዘርግተው እንደሆነም እዩ። ፍሊፐሩ ከሰሌዳው በላይ ጥቂት ወደ ላይና ወደ ታች የመወዛወዝ ነጻነት ይኑረው፤ በጣም ከተጨነቀ ሲመለስ ይዘገያል።

አደጋውንም በግልጽ ልናገር። 48 ቮልት ከግድግዳው ኤሌክትሪክ አንጻር ዝቅ ያለ ቢመስልም ይህን ያህል አምፒር ሲከተለው ቀለበትና ሰዓት አድርጎ የሚሠራን ሰው ያቃጥላል፣ ሽቦ ያነድዳል። ለእያንዳንዱ የኮይሎች ቡድን የራሱ ፊውዝ ይኑረው። የፊት በሩ ሲከፈት የኮይሎቹን ኃይል የሚቆርጥ ስዊች ግጠሙ፤ የኮምፒውተሩና የስዊቾቹ ኃይል ሳይጠፋ ኮይሎቹ ብቻ ዝም ይላሉ፣ እጃችሁንም ሳትፈሩ ታስገባላችሁ። ማሽኑን ካጠፋችሁ በኋላ በቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ዕቃዎች) ባዶ እስኪሆኑ ጠብቁና በመልቲሜትር አረጋግጡ። ከግድግዳው የሚመጣው መስመር ከመሬት ሽቦ ጋር ይሁን፤ ሰው የሚነካቸው የብረት ሐዲዶችም ከዚያው ጋር ይታሰሩ። በዚህ ረገድ የማታውቁት ነገር ካለ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥሩ።

በእያንዳንዱ ኮይል ላይ ዳዮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ፣ ይገባል። ኮይል ሲቋረጥ በውስጡ የነበረው የማግኔት መስክ ፈርሶ ወደ ኋላ ከፍተኛ ቮልት ይረጫል፤ ዳዮድ ከሌለ ያ ቮልት ኮይሉን የሚያዝዘውን ትራንዚስተር ያበላሻል። መስመር ያለበት የዳዮዱ ጫፍ ወደ ፖዘቲቩ ሽቦ ይሁን። ከተገለበጠ ኤሌክትሪኩ በኮይሉ ፈንታ በእርሱ ያልፍና ትራንዚስተሩ ይሞታል። ከመበየዳችሁ በፊት ሁለት ጊዜ ተመልከቱ።

ኤሌክትሮኒክሱን በተመለከተ መልካም ዜና አለ፦ ይህ ዛሬ የተፈታ ችግር ነው። ፋስት ፒንቦል እና መልቲሞርፊክ የተባሉ ኩባንያዎች ለቤት ሠሪዎች የሚሆኑ መቆጣጠሪያ ቦርዶች ይሠራሉ፤ ንድፉ ለሁሉም ክፍት የሆነ ኦፕን ፒንቦል ፕሮጀክት የሚባልም አለ። በላያቸው ሚሽን ፒንቦል ፍሬምወርክ የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር ትጭናላችሁ። የተጻፈው ፓይተን በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ይሁንና አብዛኛው ሥራ የሚከናወነው የማሽኑን ክፍሎችና የጨዋታውን ሕግ በተራ የጽሑፍ ፋይል ዘርዝሮ በመጻፍ ነው። ፕሮግራም ጽፎ የማያውቅ ሰው እንኳ ፍሊፐርና ወርዋሪ ለማንቀሳቀስ አይቸገርም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ተጫዋቹ አዝራሩን ሲጫን ትእዛዙ ወደ ኮምፒውተሩ ሄዶ፣ እዚያ ታስቦ፣ ተመልሶ ወደ ኮይሉ መምጣት የለበትም። መዘግየቱ ትንሽ ቢሆንም እጅ ያውቀዋል፤ ፍሊፐሩ የከበደ ይመስላል። ቦርዶቹ «ይህ ስዊች ሲዘጋ (ሲገናኝ) ያንን ኮይል ለዚህን ያህል ጊዜ አንቀሳቅስ» የሚለውን ሕግ በራሳቸው ውስጥ ይይዛሉ፤ ኮምፒውተሩ የሚነገረው ነጥብ ለመቁጠር ብቻ ነው። ፍሊፐሮች፣ በምፐሮችና ወርዋሪዎች ሁሉ በዚህ መንገድ ይታዘዙ። ለወርዋሪዎቼ ከ20 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ባለው ክልል ውስጥ እየቀያየርሁ ሞክሬ የሚስማማኝን አገኘሁ። ከዝቅተኛው ጀምራችሁ ጥቂት በጥቂት ጨምሩ።

ስዊቾቹን በቀጥታ እያንዳንዱን በራሱ ሽቦ ማገናኘት ይቻላል። ከቆዩ ማሽኖች የወረስነው ሌላው መንገድ ስዊቾቹን በስምንት ረድፍና በስምንት ዓምድ መደርደር ነው፤ በ16 ሽቦ 64 ስዊች ይነበባል። በዚህኛው እያንዳንዱ ስዊች የራሱ ዳዮድ ያስፈልገዋል። አለዚያ በአንድ አራት ማዕዘን ላይ ሦስቱ ማዕዘኖች በአንድ ጊዜ ሲዘጉ ኤሌክትሪኩ ዞሮ ይመለስና አራተኛውም የተዘጋ ይመስላል፤ ማንም ያልነካው ዒላማ ነጥብ ይቆጥራል። እኔ ቀጥታውን መረጥሁ፣ ለጥገና ይቀላልና።

ሽቦ ስትዘረጉ የኮይሎቹን ወፍራም ሽቦ ከስዊቾቹ ቀጭን ሽቦ ለይታችሁ ውሰዱ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ ኮይል በተተኮሰ ቁጥር የሐሰት ምልክት ይፈጠራል። የኃይል ምንጮቹ ብዙ ቢሆኑም ኔጋቲቫቸው በአንድ ቦታ ይገናኝ። ሰሌዳው ለጥገና ቀጥ ብሎ እንዲቆም ሽቦው በማጠፊያው በኩል ትርፍ ርዝመት ይኑረው። ለእያንዳንዱ ሽቦ ቀለምና ቁጥር ሰጥታችሁ በደብተር መዝግቡ። ሁሉም ነገር በሶኬት የሚነቀል ይሁን፤ አንድ ኮይል ለመቀየር ብየዳ መፍታት ያደክማል።

የጨዋታው ሕግ ለብቻው ሰፊ ነገር ነው፤ እዚህ የምለው ጥቂት ነው። ተጫዋቹ መመሪያ አያነብም። ብልጭ የሚል መብራት ያለበትን መምታት እንዳለበት ግን ማንም ይረዳል፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ጥቂት መብራቶች ብቻ ብልጭ ይበሉ። ኳስ ከተተኮሰች በኋላ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሳትነካ ብትወድቅ መልሱለት። ብዙ ኳሶች በአንድ ጊዜ የሚወጡበት ክፍል ሰውን ያስጮኻልና ለመድረስ የሚቻል አድርጉት። ለድምፅ ከሥዕሉ ይልቅ ተጨነቁ። ራምፑ በትክክል ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ከምቱ ጋር በዚያችው ቅጽበት መምጣት አለበት።

ሥዕልና ቀለም በመጨረሻ ይመጣሉ። መብራት የሚያሳልፉት ፕላስቲኮች ከሰሌዳው ጋር ፍጹም እኩል ሆነው መጣበቅ አለባቸው፤ ጣት ሲያልፍባቸው ምንም ሊሰማው አይገባም። በብርጭቆ ወረቀት ስታስተካክሉ የፊቱን ስስ የእንጨት ንጣፍ እንዳትበሱት ቀስ በሉ። ሥዕሉን በቀጥታ ሰሌዳው ላይ ማተም ወይም በሚለጠፍ ፕላስቲክ ላይ አትሞ መለጠፍ ይቻላል። ከላይ የሚቀባው የመኪና ባለሁለት ቅልቅል ቫርኒሽ በጣም ጠንካራ ነው፤ ማጠንከሪያው ግን አይሶሳያኔት የሚባል ሳንባን የሚጎዳ ኬሚካል አለበት። ተራ የአፍ መሸፈኛ አይከላከለውም። ንጹሕ አየር ከውጭ የሚያስገባ ጭምብል ከሌላችሁ ይህን ሥራ የመኪና ቀለም ለሚቀባ ባለሙያ ስጡት።

በሳጥኑ ውስጥ የማሽኑን መነቅነቅ የሚቆጣጠር ትንሽ ቱምቢ በብረት ቀለበት መሃል ይንጠልጠል። ተጫዋቹ አብዝቶ ሲነቀንቅ ቱምቢው ቀለበቱን ይነካና ፍሊፐሮቹ ይዘጋሉ። ቀለበቱን በጣም አታጥብቁት፤ ማሽንን በመጠኑ መግፋት የጨዋታው ሕጋዊ አካል ነው። መስታወቱ እሳት የበላ፣ ሲሰበር ስለት ወደሌለው ጥቃቅን ቁራጭ የሚበተነው ዓይነት ይሁን።

በቤት የተጀመረ ሥራ ሩቅ ሊሄድ ይችላል። ስኮት ዳኔሲ በራሱ ጊዜ የሠራውን ቶታል ኑክሌር አናይሌሽን የተባለ ማሽን ስፑኪ ፒንቦል የተባለ ኩባንያ ተቀብሎ እ.ኤ.አ. በ2017 ለገበያ አቀረበው። ያ ማሽን በሰሌዳው ላይ የተቆለሉ ብዙ መጫወቻዎች የሉትም። ሰውን የሚይዘው በፍጥነቱ፣ በምቶቹና በድምፁ ነው።

ማሽኑ ሲቆም ሌሎች ሰዎች ይጫወቱበት፤ እናንተ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ንድፉን የሠራ ሰው ሳያውቀው ኳሷን ከመጥፎ ቦታ ያርቃታል፤ እንግዳ ተጫዋች ግን ኳሷ የምትቆምበትን ጥግ ሁሉ ያገኘዋል። ጠፍጣፋ የሆነ የራምፕ ጫፍ፣ በሁለት ጎማዎች መካከል ያለ 27 ሚሊሜትር ክፍተት፣ የዒላማ ጀርባ፣ ኳስ እነዚህ ላይ ከተኛች መስታወቱን ማውለቅ ግድ ይላል። ጠፍጣፋውን አዘንብሉት፣ ክፍተቱን በትንሽ ምሰሶ ዝጉት። ኳስ ለተወሰነ ጊዜ ማንኛውንም ስዊች ሳትነካ ስትቀር ኮይሎቹን አንድ በአንድ የሚያንቀሳቅስ ትእዛዝም ፕሮግራሙ ውስጥ ይኑር፤ ብዙውን ጊዜ ያስለቅቃታል።

ከዚያ የሚቀረው እንክብካቤ ነው። ሰሌዳውን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉና ካርናውባ የተባለ የተክል ሰም ያለበት ማወዣ ቀቡት፤ ኳሷ ትፈጥናለች፣ ቀለሙም ይጠበቃል። የተበጠሱና የጠቆሩ ጎማዎችን ለውጡ። ኳሷን በየጊዜው አውጥታችሁ በብርሃን እያገላበጣችሁ እዩ። የመስታወት ያህል ካላንጸባረቀችና ጭረት ካለባት በአዲስ ቀይሯት፤ የተቧጨረች ኳስ ባለፈችበት ሁሉ ሰሌዳውን ትፍቃለች።